ፊደልና ቁጥር በኮምፒዩተር ውስጥ፦ የውክልና ሥርዓቶች ታሪካዊ ዕድገትና ለትምህርት ሥራ ያለው ትርጉም

1. መግቢያ

ኮምፒዩተር ሲሠራ የሚመለከት ሰው መሣሪያው ፊደል የሚያነብና ቁጥር የሚያውቅ ይመስለዋል። መምህሩ የተማሪዎቹን ስም ሲጽፍ ስሞቹ በስክሪኑ ላይ ይታያሉ፤ ውጤታቸውን ሲያስገባ ድምሩና አማካዩ ወዲያውኑ ይወጣል። ይሁን እንጂ በመሣሪያው ውስጥ ፊደልም ሆነ ቁጥር የለም። በውስጡ ያለው ከሁለት ሁኔታዎች በአንዱ ብቻ ሊገኝ የሚችል፣ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ የሚከፈትና የሚዘጋ እጅግ ብዙ የኤሌክትሪክ መዋቅር ነው። ከእነዚህ የመከፈትና የመዘጋት አሰላለፎች የትኛው «ሀ»ን፣ የትኛው 7ን እንደሚወክል የወሰነው ተፈጥሮ አይደለም። የወሰኑት በልዩ ልዩ ዘመን የተነሡ ሰዎች ናቸው፤ የወሰኑትም በስምምነት ነው።

ማናቸውም ስምምነት የራሱ ታሪክ አለው። ማን ተገኝቶ ተስማማ፣ ማንስ ሳይታሰብ ቀረ፣ በምን ምክንያት ይህ ተመርጦ ያ ተተወ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ በሥራው ላይ ምልክታቸውን ትተው ያልፋሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ቁጥርና ጽሑፍ በኮምፒዩተር ውስጥ የሚወከሉበት ሥርዓት እንዴት እንደ ዳበረ በአጭሩ ማሳየት፣ የኢትዮጵያ ፊደል ወደዚህ ሥርዓት የገባበትን መንገድ መግለጽና ጉዳዩ በመምህራንና በትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የዕለት ሥራ ላይ ያለውን ትርጉም ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. መጠንና ምልክት

ስለ ቁጥር ውክልና ለመናገር ከሩቅ መነሣት አያስፈልግም። በአገራችን ሁለት የቁጥር አጻጻፎች ጎን ለጎን ይታወቃሉ። የግዕዝ ቁጥር ሃያ ምልክቶች አሉት፤ እነርሱም ከ፩ እስከ ፱ ያሉት ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ያሉት ዘጠኝ፣ እንዲሁም ፻ እና ፼ ናቸው። ዜሮ የለውም። በዓለም ላይ በተስፋፋው አጻጻፍ ግን አሥር ምልክቶች ብቻ ሲኖሩ የአንዱ ምልክት ዋጋ በቆመበት ቤት ይወሰናል። መቶን በግዕዝ ፻ ብለን በአንድ ምልክት፣ በሌላው 100 ብለን በሦስት ምልክት እንጽፋለን። መጠኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ውክልናው ነው። ነገር ግን የውክልና ምርጫ እንዲያው የመልክ ጉዳይ አይደለም። በሁለተኛው አጻጻፍ አንድ ቤትን ከአንድ ቤት፣ አሥር ቤትን ከአሥር ቤት ሥር አሰልፎ መደመር ይቻላል፤ በመጀመሪያው ይህን ማድረግ አይቻልም። የውክልና ሥርዓት ሥራን ሊያቀል ወይም ሊያከብድ እንደሚችል ከዚህ ምሳሌ መረዳት ይቻላል።

ኮምፒዩተር የሚጠቀምበት ሥርዓተ ቁጥር የዚሁ የቤት አሠራር ሌላ ዓይነት ሲሆን ምልክቶቹ 0 እና 1 ብቻ ናቸው። ቤቶቹም የአንድ፣ የአሥር፣ የመቶ መሆናቸው ቀርቶ የአንድ፣ የሁለት፣ የአራት፣ የስምንት እያሉ በእጥፍ ያድጋሉ። ስለዚህ 1101 ሲባል አንድ ስምንት፣ አንድ አራት፣ ምንም ሁለት፣ አንድ አንድ ማለት ስለሆነ ድምሩ 13 ይሆናል። እያንዳንዱ ቤት ቢት ይባላል። ስምንት ቢት አንድ ላይ ሲሆን ባይት የሚባል ሲሆን በአንድ ባይት 256 የተለያዩ አሰላለፎችን ማግኘት ይቻላል።

ይህን ሥርዓት በጽሑፍ ካስፋፉት ሊቃውንት አንዱ ጀርመናዊው ፈላስፋና የሒሳብ ሊቅ ላይብኒዝ ነው። እርሱም በ1703 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ ማናቸውም ቁጥር በ0 እና በ1 ብቻ ሊጻፍ እንደሚችል አብራርቷል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ቡል በ1854 ባሳተመው መጽሐፉ እውነትና ሐሰት እንደ ሒሳብ ሊሰሉ እንደሚችሉ አሳየ። እነዚህ ሁለት ሐሳቦች ከኤሌክትሪክ ጋር የተገናኙት ግን ዘግይተው ነው። አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን በ1937 በጻፈው የማስተርስ ዲግሪ ጥናት የኤሌክትሪክ መክፈቻና መዝጊያዎች የቡልን ሒሳብ ሊሠሩ እንደሚችሉ አረጋገጠ።

ይህም ሆኖ ምርጫው ገና አልተቆረጠም ነበር። በ1946 ለሕዝብ ይፋ የሆነውና ወደ 18,000 የሚጠጉ የቫኩም ቱቦዎች የነበሩት ኢኒያክ የተባለው የአሜሪካ ኮምፒዩተር የሚያሰላው ሰው እንደለመደው በአሥር አሐዝ ነበር። አንድን አሐዝ ለመያዝም አሥር መዋቅሮች ተሰልፈው በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ይበራ ነበር። ከእነዚህ አሥር መዋቅሮች እያንዳንዱ እንደ አንድ ቢት ቢሠራ ኖሮ 1,024 አሰላለፎችን መለየት በተቻለ ነበር። ጆን ፎን ኖይማን በሰኔ 1945 ባዘጋጀው ሪፖርት ቀጣዩ መሣሪያ በሁለት ምልክቶች ብቻ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ በኋላ የመጡት ኮምፒዩተሮች በአመዛኙ ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። የተመረጠውም ለሰው ስለሚቀል ሳይሆን ለመሣሪያው ስለሚቀል መሆኑን ልብ ይሏል።

3. ሞልቶ የማይጻፍ ክፍልፋይ

የሒሳብ መምህራን እንደሚያውቁት አንድ ሦስተኛን በአስርዮሽ ስንጽፍ 0.333 እያለ መጨረሻ የለውም። በሁለት ምልክት ሥርዓት ደግሞ ይህ ዕጣ የሚደርሰው አንድ አሥረኛን ነው። በእኛ አጻጻፍ 0.1 ተብሎ የሚያልቀው ቁጥር በኮምፒዩተር ቤቶች ሲጻፍ የማያቋርጥ ተደጋጋሚ ሰልፍ ይሆናል። ቤቶቹ ውስን ስለሆኑም ሰልፉ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ እውነተኛው ዋጋ በጥቂቱ ይጎድላል።

ይህ ጉድለት ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል የካቲት 25 ቀን 1991 በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በዳህራን ከተማ ታይቷል። በዚያ የነበረው ፓትሪየት የተባለ ፀረ ሚሳይል መሣሪያ ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ሲሆን የአንድ አሥረኛን ዋጋ የያዘው በ24 ቢት ብቻ ነበር። ከአንዱ ቆጠራ የሚጎድለው ከአንድ ሰከንድ አሥር ሚሊዮንኛ የማይበልጥ ነው። መሣሪያው ግን ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል በመሥራቱ ጉድለቱ ተጠራቅሞ የሰከንድ ሲሶ ገደማ ደረሰ። በዚህች ቅጽበት በአየር ላይ ያለ ሚሳይል ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መሣሪያው የሚመጣውን ሚሳይል በተሳሳተ ቦታ ፈልጎ ሳያገኘው ቀረ፤ 28 የአሜሪካ ወታደሮችም ሞቱ። ስሌቱን የሠራው ኮምፒዩተር አልተበላሸም ነበር። የተሳሳተው ሰዎች የሰጡትን ውክልና እንደ እውነተኛው ቁጥር መውሰዳቸው ነው።

4. ፊደል ቁጥር ሲሆን

ጽሑፍን በምልክት የመለወጥ ጥበብ ከኮምፒዩተር በፊት የተጀመረ ነው። ሞርስ በ1844 ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር በቴሌግራፍ ያስተላለፈው መልእክት በአጭርና በረጅም ምት የተሠራ ነበር። ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ በ1874 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሥርዓት ደግሞ ለያንዳንዱ ፊደል እኩል አምስት ቢት መደበ። አምስት ቢት የሚሰጠው 32 አሰላለፍ ለላቲን ፊደላት ቢበቃም ፊደልን፣ አሐዝንና ሥርዓተ ነጥብን በአንድነት ለመያዝ ስለማይበቃ፣ ከፊደል ወደ አሐዝ የሚያሸጋግር ልዩ ምልክት አስፈለገው።

ሌላው መንገድ የመጣው በተለይ ዕቅድ አውጪዎችን ከሚመለከት ሥራ፣ ይኸውም ከሕዝብ ቆጠራ ነው። በአሜሪካ የ1880ው ቆጠራ ውጤት በእጅ ተጠናቅሮ ለመጠናቀቅ ብዙ ዓመታት ፈጅቶ ነበር። በ1890ው ቆጠራ ኸርማን ሆለሪዝ ለያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ አዘጋጅቶ ጾታን፣ ዕድሜንና የመሳሰለውን በቀዳዳ ቦታ እንዲወከል አደረገ፤ ከ62 ሚሊዮን በላይ የሆነው ሕዝብም በኤሌክትሪክ መሣሪያ ተቆጠረ። የሆለሪዝ ኩባንያ በ1911 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በ1924 አይ.ቢ.ኤም የሚለውን ስም ያዘ።

ኮምፒዩተሮች በበዙበት በ1950ዎቹ እያንዳንዱ አምራች የየራሱን የፊደል መለያ ቁጥር ያወጣ ስለነበር የአንዱን መረጃ ሌላው ማንበብ አይችልም ነበር። ይህን ለማስታረቅ በ1963 አስኪ የተባለው የአሜሪካ ደረጃ ወጣ፤ በ1967ም ተሻሻለ። አስኪ ሰባት ቢት በመጠቀም 128 መለያ ቁጥሮች ሲኖሩት ትልቁ የላቲን «ኤ» 65፣ ትንሹ ደግሞ 97 ሆኑ። አይ.ቢ.ኤም ግን በ1964 ይፋ ባደረጋቸው ሲስተም 360 በተባሉት ኮምፒዩተሮች ላይ ኢብሲዲክ የተባለ ሌላ ሥርዓት ይዞ ቀጠለ። በ1968 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፌዴራል መንግሥቱ የሚገዛቸው ኮምፒዩተሮች አስኪን እንዲያውቁ በማዘዛቸው የአስኪ ተቀባይነት ጠነከረ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ አለ። 1000001 የሚለው አሰላለፍ ራሱ ስድሳ አምስት ነው ወይስ ትልቁ «ኤ»? መልሱ በአሰላለፉ ውስጥ የለም፤ አንባቢው ፕሮግራም ምን ብሎ እንደሚጠብቀው ይወሰናል። በተመሳሳይ ሁኔታ 5 እንደ መጠን ሲያዝ 101 ሲሆን፣ 5 እንደ ጽሑፍ ምልክት ሲያዝ ግን የአስኪ ቁጥሩ 53 ነው። አንድ የትምህርት ቤት መለያ 0075 ተብሎ ተሰጥቶ እንደ መጠን ቢመዘገብ ኮምፒዩተሩ 75 ብቻ አድርጎ ይይዘዋል፤ ግንባር ቀደም ዜሮዎች በመጠን ላይ ዋጋ የላቸውምና። መለያ የሚደመርና የሚቀነስ ነገር ስላልሆነ መመዝገብ ያለበት እንደ ጽሑፍ ነው።

5. የኢትዮጵያ ፊደል ጉዞ

አስኪን ያወጡት ሰዎች ያሰቡት ስለ እንግሊዝኛ ነበር፤ በ128 ቦታዎች ውስጥ ለሌላ ፊደል የሚተርፍ ስፍራ አልነበረም። ሙሉው ባይት ጥቅም ላይ ሲውል ቦታው 256 ደረሰ። ይህም ለብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች በቅቷል። ለእኛ ፊደል ግን አልበቃም። ሠላሳ ሦስቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባቱ ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ሃያው የግዕዝ ቁጥር ሲጨመር 251 ይደርሳል። ዲቃላ ፊደላትና ሥርዓተ ነጥብ ገና ሳይቆጠሩ ቦታው አለቀ ማለት ነው።

ችግሩ አዲስ አልነበረም። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠራም የቁልፎቹ ቁጥር ውስን ስለነበር ሙሉው የፊደል ገበታ ሊገባበት አልቻለም፤ ስለዚህ በፊደሉ አካል ላይ ቅጥያ ምልክት እየተጨመረ ድምፁ እንዲለወጥ ይደረግ ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ የኮምፒዩተር ጽሑፍ የጀመሩ ባለሙያዎችም ከዚሁ ችግር ጋር ተፋጠጡ። አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ከፈሉት፤ ሌሎቹ እንደ ጽሕፈት መኪናው ቅጥያ ተጠቀሙ። ሁሉም ያደረጉት ፊደላችንን ለላቲን ፊደል በተመደቡት ቁጥሮች ላይ ማስቀመጥ ነበር። ሥራቸው ሊመሰገን ይገባዋል፤ አማርኛ በኮምፒዩተር የተጻፈው በእነርሱ ጥረት ነውና። ነገር ግን የሁሉም አቀማመጥ የተለያየ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር።

መፍትሔው የመጣው ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ መዝገብ ለማውጣት ከተጀመረው የዩኒኮድ ሥራ ነው። የሐሳቡ ረቂቅ በ1988 ቀረበ፤ ድርጅቱ በ1991 ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ዕትምም በዚያው ዓመት ወጣ። የኢትዮጵያ ፊደል ግን በዚያ ዕትም ውስጥ አልነበረም። የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው ዕትም ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ «ሀ» በመላው ዓለም 4608 የሚል መለያ ቁጥር አላት፤ ለፊደሉም ከ4608 እስከ 4991 ድረስ 384 ቦታዎች ተመድበዋል። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 የወጡት ዕትሞች ደግሞ ለሰባት ቤት፣ ለብሊን፣ ለጉሙዝ፣ ለባስኬቶና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላትን አስገብተዋል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚዘጋጁ የመማሪያ መጻሕፍት በኮምፒዩተር ሊጻፉ የሚችሉት እነዚህ ፊደላት ቁጥር ሲኖራቸው በመሆኑ ጉዳዩ የትምህርትም ጉዳይ ነው።

የአመዳደቡ ሥርዓት ለማስተማርም የሚመች ነው። የፊደል ገበታው እንዳለ በየስምንት ቦታ ተከፍሏል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች ሲሆኑ ስምንተኛው በብዙ ረድፎች እንደ ሏ እና ሟ ላሉት ዲቃላዎች ተሰጥቷል። በመሆኑም ለየት ብለው ከተቀመጡት የዲቃላ ረድፎች በስተቀር የአንድን ፊደል ቁጥር ለ8 ስናካፍል ድርሻው ቤቱን፣ ቀሪው ድምፁን ይነግረናል። ቀሪው 0 ሲሆን ግዕዝ፣ 1 ሲሆን ካዕብ፣ 2 ሲሆን ሣልስ እያለ ይቀጥላል። ለምሳሌ 4619 ለ8 ሲካፈል 577 ደርሶ 3 ይቀራል፤ 577 የ«ለ» ቤት ስለሆነና 3 ራብዕን ስለሚያመለክት ፊደሉ «ላ» ነው።

ዘግይቶ መግባት ግን ዋጋ አስከፍሏል። በ1992 የተነደፈውና ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 የተባለው አጻጻፍ የአስኪን ምልክቶች በአንድ ባይት ሲይዝ የእኛን ፊደል በሦስት ባይት ይይዛል። በተንቀሳቃሽ ስልክ አጭር መልእክትም 140 ባይት በሆነው ቦታ የላቲን ጽሑፍ 160 ምልክት ሲይዝ የአማርኛው 70 ብቻ ይይዛል። ሆኖም አንዱ ፊደላችን ተነባቢንና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ ልዩነቱ በከፊል ይካካሳል።

6. በትምህርት መዛግብት ላይ የሚታየው ውጤት

ዩኒኮድ ለያንዳንዱ የፊደል ቅርጽ ቁጥር ሰጠ እንጂ በድምፅ አንድ የሆኑትን ሞክሼ ፊደላት አላዋሐደም፤ ሊያዋሕድም አይገባውም ነበር፤ ግዕዝና ትግርኛ የሚለዩዋቸው አሉና። ስለዚህ ለኮምፒዩተር ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የማይገናኙ ቁጥሮች ናቸው። ፀሐይ የሚለውን ስም እንመልከት። የመጀመሪያው ፊደል በ«ፀ» ወይም በ«ጸ» ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለተኛው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል። ሁለት በስድስት ሲባዛ አሥራ ሁለት አጻጻፍ ይሆናል። ለሚሰማው ጆሮ አንዲት ተማሪ ናት፤ ለኮምፒዩተሩ ግን አሥራ ሁለት ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው። በስምንተኛ ክፍል መዝገብ በአንዱ አጻጻፍ፣ በፈተና መዝገብ በሌላው የተጻፈች ተማሪ በሁለቱ መዛግብት መካከል ትጠፋለች፤ ወይም ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች።

የስም ዝርዝርን በፊደል ተራ ማሰለፍም ተመሳሳይ ችግር አለበት። ኮምፒዩተሩ በመለያ ቁጥር ብቻ ካሰለፈ ሃይሉ ከዝርዝሩ ራስ ሲገኝ ኃይሉ ከተስፋዬ በኋላ ይወርዳል፤ አለሙ ከከበደ በፊት ሲሆን ዓለሙ ከወርቁ በኋላ ይገኛል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮችን ማሳሰብ ተገቢ ይሆናል። አንደኛ፣ የተማሪው ስም በመጀመሪያ በተመዘገበበት አጻጻፍ እስከ መጨረሻው መያዝ አለበት፤ መዛግብትን ለማገናኘትም ስም ብቻውን ሳይሆን እንደ ጽሑፍ የተመዘገበ መለያ ቁጥር መጠቀም ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ለትምህርት መረጃ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሲፈልጉና ሲያሰልፉ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ እንዲያዩ፣ የባለቤቱን አጻጻፍ ግን እንዳይለውጡ ሆነው መሠራት ይኖርባቸዋል። ሦስተኛ፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ አቀማመጦች ተጽፈው በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የቀሩ የማስተማሪያ ጽሑፎችና መዛግብት የተጻፉበትን ፕሮግራም የሚያውቁ ሰዎች ሳሉ ወደ ዩኒኮድ መዛወር አለባቸው። ወረቀት ቢያረጅም ይነበባል፤ ስምምነቱ የጠፋበት ፋይል ግን ሙሉ ሆኖ ሳለ አይነበብም።

7. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው ኮምፒዩተር ቁጥርንና ፊደልን የሚይዘው በሰዎች ስምምነት ነው። አንድ አሥረኛን በ24 ቢት መቁረጥ፣ «ኤ»ን 65 ማለት፣ «ሀ»ን 4608 ማለት ሁሉም ውሳኔዎች ናቸው። ውሳኔ ሲሰጥ ያልተገኘ ፊደል ለዓመታት በሌላው ቦታ ተጠግቶ መኖር ግድ እንደሚሆንበት የራሳችን ታሪክ ያስተምራል። የእኛ ፊደል ዛሬ የራሱ ቁጥር አለው። የቀረው ሥራ በቁጥሩ በጥንቃቄ መጠቀም ሲሆን ይህም በአብዛኛው በመምህሩና በመዝገብ ያዡ እጅ ነው። ሁለት ምልክት ያለውን ሥርዓተ ቁጥር በክፍል የሚያስተምር መምህርም ትምህርቱን ከራሱ ከፊደል ገበታ ቢጀምር፣ ተማሪው በእጁ የያዘው መሣሪያ ስሙን እንዴት እንደሚይዝ ያውቃል፤ ስሙን አስተካክሎ የመጻፍን ጥቅምም ይረዳል።